ስንቅ ያላመጣች

የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትታ ስትወጣ ሽፋኑን አየሁና አወቅሁት፤ በደርግ ዘመን ንፋስ መውጫ ከተማ ተማሪ ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ያዋሰኝ፣ ያለ አዋቂ ደሴት ላይ ስለቀሩ ልጆች የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። አልገለጥኩትም። አፌ ላይ የመጣብኝ የበሶ ጣዕም ነበር።

ሦስት ሆነን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ እዚያው አውራጃ ካለችው ቤተ ልሔም በኩል፣ አጸደ ከከተማው አቅራቢያ፣ ከሁላችን ታናሿ ይርገዱ ደግሞ ከሲማዳ። እኔና አጸደ ዓርብ ወደየቤታችን ሄደን እሑድ ስንቅ ተሸክመን እንመለሳለን፤ የይርገዱ አገር ሩቅ ስለሆነ እናቷ በወር አንዴ በአህያ ጭነው ያመጡላት ነበር። ድርቆሹም ሽሮውም በሶውም የማንም ይሁን የማን አንድ ላይ ተቀምጦ አንድ ላይ ያልቃል፤ የገጠር ተማሪ ደንቡ ይኸው ነበር፣ ማንም አላስተማረንም።

ማታ ወጡ እስኪበስል ከመጽሐፉ ያነበብኩትን በአማርኛ እተርክላቸዋለሁ። ከሦስታችን ባሕር ያየ አልነበረም፤ ደሴት ሲባል የምናውቀው በወሬ የሰማነውን የጣናን ስለሆነ ይርገዱ ገና ከመነሻው ነገሩ አልዋጥ አላት።

"ደሴት ላይ ገዳም ጠፍቶ?" አለች። "መነኮሳቱ የት ሄደው ነው ልጆቹ የሚራቡት?"

"አንቺ የሲማዳ ልጅ፣ ወሬ አታቋርጪ!" አለቻት አጸደ።

የመጽሐፉ ልጆች አለቃ መርጠው ሕግ ሲያወጡ አጸደ ደስ አላት፤ እኛም እየሳቅን እንደ ቀበሌ ስብሰባ በጭብጨባ አለቃ አደረግናት። የመጀመሪያው ሕጓ የቤት መጥረግ ተራ ነበር። ሁለተኛው፣ ስንቅ ለየብቻ ይሁን፣ ያላመጣች አትበላም የሚል ነበር። ይርገዱም አጨበጨበች፤ ያን ጊዜ የስንቅ አቅማዳዋ ሙሉ ነበር።

በዚያ ዓመት ዝናቡ መስከረም እያለቀም አልተወን፤ ወንዞቹ ሞሉና የሲማዳ መንገድ ተቆረጠ። የይርገዱ አቅማዳ ጎደለ፣ ኋላም ባዶውን ግድግዳው ላይ ተንጠለጠለ። ገበታ ስንቀርብ "ጽጌን ይዣለሁ" አለችን። የጽጌ ጾም የፈቃድ ነው፤ የወደደ ይይዘዋል፣ ያልያዘ አይወቀስም። ግን ጾመኛም ቢሆን ማታ ይቀምሳል፤ እሷ ማታም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛ ነበር።

"ኧረ የኛ መነኩሲት! ደሴቱ ላይ የጠፋሽው አንቺ ነሽ ለካ!" ብላ አጸደ ቀለደችባት፤ እኔም ሳቅሁ።

ነገሩ ገብቶኛል። "ነይ ብይ" ማለት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። አጸደን ፈርቼ ነው እንዳልል በዕድሜም በጉልበትም አትበልጠኝም። መጽሐፌን አነሣሁና ንባቤን ቀጠልኩ።

አንድ ቀን ከትምህርት ስንመለስ ይርገዱ የለችም። ሰው ቤት ልትቀጠር በጭነት መኪና ደብረ ታቦር መሄዷን የነገረችን ጎረቤታችን ናት። ወንዙ በጎደለ ማግስት እናቷ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው አህያቸውን እየነዱ ደረሱ።

"ልጄስ?" አሉ።

መሄዷን ነገርናቸው፤ ሕጉን አልነገርናቸውም። ደጃፉ ላይ ትንሽ ተቀመጡና ተነሥተው የጫኑትን በሶ አራገፉ።

"ለሦስታችሁ ብዬ ነው የቆላሁት፤ ብሉ። እናንተም የእናት ልጆች ናችሁ፣ ይርባችኋል" አሉን፤ አህያዋን አዙረው የደብረ ታቦርን መንገድ ያዙ።

አግኝተዋት እንደሆነ አላውቅም። ይርገዱ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። የመጽሐፉንም መጨረሻ ያነበብኩት በዚያው ሰሞን ነው፤ ለአጸደ አልተረክሁላትም፣ እሷም አልጠየቀችኝ።

የልጅ ልጄ ተመልሳ መጽሐፉን እጄ ላይ አገኘችው።

"እማማ፣ አንብበውታል እንዴ? መጨረሻው ምን ይሆናል?"

"ትልቅ ሰው ይመጣል" አልኳት።

"እሰይ!" አለች። የሚደርሰው ከዘገየ በኋላ መሆኑን አልነገርኳትም።

ያን በሶ እኔና አጸደ እኩል ተካፍለን በላነው። ገብሱ ደህና የተቆላ፣ ጨውና በርበሬውም ልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ በሶ ቀምሼ አላውቅም።