ታናሺቱ የምትሞትበት ምዕራፍ

መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበብኩት አዲስ አበባ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ለተማሪ ተብሎ ያጠረ ቅጂ ስለነበር የታናሺቱ እህት ሞት በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋል። ለንደን መጥቼ ሙሉውን ሳገኝ ያ ዓረፍተ ነገር አንድ ምዕራፍ ሆኖ ጠበቀኝ።

ደራሲዋ ትዳር ሳትይዝ ያረፈች እንግሊዛዊት ናት። ከሞተች ብዙ ዘመን ሆኗታል፤ እዚህ አገር ግን አልተቀበረችም ማለት ይቻላል። በየጥቂት ዓመቱ ቴሌቪዥኑ ታሪኳን በአዲስ ተዋንያን ይሠራዋል። አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዋን በማዳመጫ የደፈነች ወጣት ያንኑ መጽሐፍ ይዛ አያለሁ። ለምን እንደማትረሳ ብዙ አላሰብኩበትም ነበር።

ጓደኛዬ ስቶክዌል ነው የምትኖረው። እኔ አጠገቡ ያለው ሰፈር፣ ኬኒንግተን ስለሆንኩ በእግሬ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ባለፈው መጸው ልቧን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ቤት ዋለች። እንግሊዝኛ ትሰማለች፣ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን ይሰለቻታል። ስለዚህ እኔ ዓይኔን እንግሊዝኛው ላይ አድርጌ በአማርኛ አነብላት ጀመር። ከሰዓት በኋላ፣ ሻይ ከጠጣን በኋላ።

ስታዳምጥ ዝም አትልም። አንድ ቀን፣ «ይሄ ሰውዬ ታላቂቱን መቼ ነው የሚያገባት?» አለችኝ። «እኔ ተቀድጄ፣ ተሰፍቼ፣ ክሬ ወጥቶ፣ እሱ ገና ኮፍያውን ያወልቃል።»

«ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው።»

«ጨዋነቱን ትቶ ይጠይቃት።»

መጽሐፉን ከመጋመሳችን በፊት ልጇ ደረጃው ላይ ጠብቃ አስቆመችኝ። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ፣ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም፣ ማረፉን ነገረችኝ። ጓደኛዬ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው። ሁልጊዜ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደውልላታል።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ልቧ እስኪጠነክር ምንም ስትሬስ እንዳይኖርባት ብሏል» አለችኝ። «ሲሻላት ሰው ይዘን መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አደራዎን። ለሥራ ገጠር ወርዷል፣ ኔትወርክ የለም ብያታለሁ። ስልኳንም ሪፔር ሰጥቼዋለሁ ብዬ ወስጄዋለሁ።»

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ አንድ ሰው ብቻውንም አይናገረውም። ሰው ተሰባስቦ ማለዳ ይሄዳል። ለታመመ ደግሞ ይቆይለታል። እኔም ብሆን ከዚህ ሌላ አላደርግም ነበር። እሺ አልኳት።

ምዕራፉ ደረሰ። እንደሚመጣ አውቅ ነበር። ታናሺቱ እህት በትኩሳት ተኝታለች፣ ታላቋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ገጾቹን በአንድ ላይ ገለጥኳቸው።

«ልጅቷስ?» አለች ጓደኛዬ።

«ተሻላት።»

«ተሻላት?»

«ትኩሳቱ ለቀቃት።»

ብርድ ልብሷን በእጇ አስተካከለች። «ተመስገን» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ከበደ። ደራሲዋ የቀበረቻትን ልጅ እኔ በየምዕራፉ ማስገባት ነበረብኝ። ማዕድ ላይ አስቀምጣታለሁ፣ ደረጃ አስወጣታለሁ፣ በመስኮት አሳያታለሁ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ቃል አናግራታለሁ። በተፈጥሮዬ ብዙ የምፈራ ሰው አይደለሁም። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ከኋላዬ የሚሄድ ሰው ያለ ይመስለኝና መንገድ እቀይር ነበር። ስዞር ማንም የለም።

አንድ ቀን ማንበብ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ይቺ ልጅ ዛሬም አለች?»

«አለች።»

«ምን ትሠራለች?»

«ጥልፍ ትጠልፋለች።»

ጓደኛዬ ፈገግ አለች። «እቴ፣ እኔ ይሄን ታሪክ በቴሌቪዥን አይቼዋለሁ። ኪልበርን ሰፈር ተቀጥሬ አስታምማቸው የነበሩት አሮጊት ደጋግመው አሳይተውኛል። ልጅቷ ትሞታለች።»

ጣቴን ገጹ መሃል አስገብቼ መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ለምን አዳንሻት?»

መጽሐፉን አየሁ። ፊትሽ ነገር አያወጣም ይሉኛል፤ ያን ቀን እንዴት እንደነበረ አላውቅም። እሷ ግን ረጅም ጊዜ አየችው።

«እሁድ እሁድ ስልኬ ይጠራል» አለች ቀስ ብላ። «ልጄ ወስዳዋለች። ግን ሰዓቱን ጠብቆ ይጠራል። ስነሳ ይተዋል።»

ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ሳበች።

«በይ የዘለልሽውን አንብቢልኝ። ምንም ሳታስቀሪ።»

አነበብኩላት። ታላቂቱ የእህቷን ፀጉር እንዴት አበጥራ እንደጎነጎነች፣ መስኮቱ እንዲከፈት እንዳዘዘች፣ ሳታለቅስ ወርዳ ለቁርስ እንደተቀመጠችና ገረዲቱ በልማድ ሁለት ሲኒ ስታመጣ ታላቂቱ እንዴት እንደሆነች። ደራሲዋ ልቅሶ የሚል ቃል የትም አልጻፈችም። ጓደኛዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። በነጠላው ውስጥ የጠራችው ስም የልጅቷ አልነበረም። እኔ ማንበቤን አላቆምኩም፤ ባቆም ኖሮ አንዳችን መናገር ይኖርብን ነበር።

ምዕራፉ ሲያልቅ ፊቷን ጠረገች። «ለልጄ እንዳትነግሪያት» አለችኝ። «ሥርዓቱን ጠብቀው ይምጡ። እሷም ብቻዋን ብዙ ተሸክማለች።»

ሐኪሙ ከፈቀደ በኋላ ቅዳሜ ማለዳ የንስሐ አባቷ፣ ልጇ፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችና እኔ ሄድን። ሳናንኳኳ ከፈተችልን። ጥቁር ለብሳለች። ተቀመጪ ያሏት ቦታ ተቀመጠች፣ ቄሱ እስኪጨርሱ ድረስ ዓይናቸውን እያየች ሰማች፣ ከዚያ ጮኸች። ማስመሰል አልነበረም። ከመጽሐፍ መረዳትና ከሰው አፍ መስማት አንድ አይደለም።

ልጇ ወጥ ቤት ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ፣ እርስዎ ነገሯት?»

«አልነገርኳትም።»

«ጥቁር ለብሳ ነው እኮ የከፈተችልን።»

«አይቻለሁ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም።

ለቀስተኛው ከቀነሰ በኋላ ጓደኛዬ መጽሐፉን ጨርሺልኝ አለችኝ። የቀረው ሰርጉ ነበር። ሰውየው በመጨረሻ ጠይቋል፣ ታላቂቱም እሺ ብላለች። ጓደኛዬ እንደ ድሮው አልቀለደችበትም። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ቃል አዳመጠች።

«ሰርጉ ላይ የእህቲቱን ስም ያነሳ የለም» አለች።

«የለም።»

«ደራሲዋ ረስታት ነው?»

«አይመስለኝም።»

«አልረሳቻትም። እዚያ ማዕድ ላይ ያሉት ሁሉ እያሰቧት ነው። አፋቸውን ይዘው ነው።»

ስንት ጊዜ አንብቤው ይህን አላየሁትም ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። እየመሸ ነበር፤ መብራት ለማብራት ማናችንም አልተነሳንም። ጓደኛዬ የወንድሟን ስም ጠራች። እንደ ሙሾ አይደለም። ምግብ ቀርቦ የዘገየ ሰው እንደሚጠራ፣ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ወደ ኮሪደሩ።

እኔም ዞሬ አየሁ።