ለማናውቀው ልጅ «እኔን!»

ዛሬ ለንደን ሆሎዌይ ሰፈር እህቴ ቤት ተሰብስበን፣ ለማናውቀው ልጅ «እኔን!» ስንል አረፈድን።

የእህቴ ልጅ ዮናስ አሜሪካ ኮሌጅ ውስጥ የእነሱን ፉትቦል ይጫወታል። ሥራው ሮጦ የተወረወረለትን ኳስ መቅለብ ነው። ትልልቆቹ ክለቦች ተጫዋች ሊመርጡ ስለሆነ «ይመርጡኛል ትላላችሁ? እውነቱን ንገሩኝ» ብሎ የአንድ ጨዋታ ቪዲዮ ካሴት ላከልን።

የአሜሪካ ካሴት ግን በእኛ ዴክ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። የማሊያውን ቀለም ማን ይለይ? ፊታቸውም በሄልሜት ተሸፍኗል። አንዱን ቀላቢ «ዮናስ ይሄ ነው» ብለን ያዝን።

ቀላቢው በወደቀ ቁጥር እህቴ «እኔን!» ትላለች። ጎረቤቷ ጋሽ ታደሰ «ሯጭስ ሯጭ ነው፤ ሲመቱት ግን ኳሱን ይለቃል» አሉ። ይህን ለልጁ ማን ይንገረው?

ዮናስ ደወለ። እህቴ እየፈራች ነገረችው።

«እማዬ፣ እሱ የተቃራኒ ቡድን ነው! እኔ ሰማንያ አንድ ቁጥር ነኝ!»

ካሴቱን አጠንጥነን እንደገና አየን። ሰማንያ አንድ ቁጥር ሁለት ሰው ተከምሮበት ወደቀ፤ ኳሱን ግን አልለቀቀም። ጋሽ ታደሰ «ይሄማ ይመረጣል!» ብለው ብድግ አሉ። እኔም ተነፈስኩ።

እህቴ ስቃ ስቃ ስታበቃ «የዚያኛውስ እናት?» አለች።

እናንተስ፣ ተሳስታችሁ ለሌላ ሰው ልጅ «እኔን!» ያላችሁበት ቀን የለም?