ሦስቱ ቢጫ ስፌቶች

ሰሞኑን የወንድሜ ልጅ "ሥልጠና አለ፣ ነይ" ብሎ አንድ አዳራሽ ይዞኝ ሄደ። ማይክ የጨበጠ ጎረምሳ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ብራንድ አወራልን። ራዕይ ይኑራችሁ፣ ማህበረሰብ ፍጠሩ፣ ለትውልድ የሚተርፍ ስም ትከሉ ይላል። ምን ሠርተን እንደምንሸጥ ግን እስክንወጣ ድረስ ትንፍሽ አላለም። እኔማ ይሄን ወሬ ድሮ ጠግቤዋለሁ። ያኔ ብራንድ አይባል እንጂ፣ በደርግ ጊዜ አቃቂ ላይ ይህንኑ የሚሰብክ ሰው ነበረን። እኔም ቂሏ አጨብጭቤለታለሁ።

አባዬ እዚያው አቃቂ፣ በሰቃ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የሚሰፋው የሥራ ቱታ ነው። ደንበኞቹ የጨርቃ ጨርቁና የብረታ ብረቱ ሠራተኞች፣ የባቡር ሰዎች፣ ከወሎ የመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ። ቱታ፣ ሰው ጎንበስ ቀና ሲል መጀመሪያ የሚተረተረው መቀመጫው ላይ ነው። አባዬ እዚያ ቦታ ላይ ክሩን በሰም አሽቶ ሁለት ጊዜ ይሰፋዋል። ሲጨርስ የውስጥ ኪሱ ጫፍ ላይ በቢጫ ክር ሦስት አጫጭር ስፌት ጣል ያደርጋል። ለጌጥ አልነበረም። የእጁ ሥራ ከተቀደደ ያለ ክፍያ ስለሚጠግን የራሱን ከሌላ ሰው ሥራ ለመለየት ነበር። ራዕይህ ምንድን ነው ብትሉት ሥራ አታስፈቱኝ ይላችሁ ነበር።

ጥገና የሚጠብቅ ሰው ደጃፉ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ማን እንደታመመ የሚሰማው፣ የተጣላ የሚታረቀው እዚያው ነው። አንድ ሾፌር መኪና ተገልብጦበት ሲተኛ ለልጆቹ መዋጮ የተያዘውም እዚያ ነው፤ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉም አዋጣ። ማህበረሰብ እንፍጠር ብሎ ስብሰባ የጠራ ሰው አልነበረም።

ከዚያ የልብስ ሰፊዎች ማህበር ተቋቋመ። ሊቀመንበሩ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት የማይችል፣ ንግግር ከጀመረ ግን የሚያስቆመው የሌለ ሰው ነበር። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ የሱ ሲከፈት የሚታየው ሌላ አፍ ነው። አባዬ አርጅቻለሁ ብሎ አልገባም አለ። እኔ ገባሁ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ ነበር፤ እነሱ ደግሞ የጥራት ተቆጣጣሪ አሉኝና ሰማያዊ ኮፍያ ሰጡኝ። ያቺን ኮፍያ ደፍቼ በአባዬ ደጃፍ ስንጎራደድ ያየኝ ሰው ሚኒስትር የተሾምኩ ይመስለው ነበር። ጥራት የሚባል ነገር አንድም ቀን ተቆጣጥሬ አላውቅም። ሥራዬ ኮታው ሞላ አልሞላ ማየት ብቻ ነበር።

የማህበሩን ቱታ የሚገዛ ጠፋ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠራና ስም ከመቃብር በላይ ነው፣ ጓዶች፣ ሠራተኛው የሚሰባሰብበት፣ እኛ ካለፍን በኋላም የሚኖር ስም ያስፈልገናል እያለ ብዙ አወራ። በመጨረሻ፣ ሰፊው ሕዝብ ማህበሩን ትቶ ለምን አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ይሰለፋል ሲል ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። ማን አውጪ አለኝ? ምልክት ስላለው ነው አልኩና አባዬ የሰፋልኝን የሥራ ጋዋን ኪሱን ገልብጬ ሦስቱን ቢጫ ስፌቶች አሳየሁ። ስለ ሰሙና ስለ ድርቡ ስፌትም ልናገር ነበር፤ ጭብጨባው ቀደመኝ። ደስ ስላለኝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሳምንቱ ጀምሮ ማህበሩ ለገበያ የሚያወጣው ቱታ ሁሉ ሦስት ቢጫ ስፌት ነበረው። ቱታው ያው የድሮው ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተሰፍቶ ኮታ ለመሙላት የሚጣል። እነዚያ ደናቁርት ቱታውን የሚያጠነክረው ቢጫው ክር መስሏቸው ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለውን ከመካከላችን የሰማ አልነበረም። እቤት ስገባ፣ አባዬ ምንም ሳይጠይቀኝ፣ ምልክትህን አንድ ሰው አይቶ ቀድቶት ይሆናል አልኩት። ይሆናል አለኝ።

የመጀመሪያው ወር ሰው ቱታውን ተሻማ። በሁለተኛው መቀደድ ጀመረ። አንዱ የብረታ ብረት ሠራተኛ አለቃው ፊት ዕቃ ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ተተረተረበት አሉ። ታዲያ ቱታቸው የተቀደደባቸው ሰዎች የሚመጡት ወደ ማህበሩ አልነበረም፤ የእሱ ሥራ መስሏቸው ቢጫውን ስፌት እያሳዩ ወደ አባዬ ነው። አባዬም እየተቀበለ ይጠግናል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ የኔ አይደለም አይልም። የተቀደደ ቱታ እጥግ እጥጉ ተከመረ፣ አዲስ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አጣ።

አንድ ቀን የዱሮ ወዳጁ የሆነ የባቡር ሠራተኛ መጥቶ የተቀደደ ቱታውን ጭኑ ላይ ወረወረበት።

"እርጅና እጅህን ሲበላው ሥራውን መተው አታውቅም?" አለው።

እዚያው ተቀምጬ ነበር። አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። አባዬ ነገ መጥተህ ውሰደው ብቻ አለ። የኔ አይደለም በል፣ በል እያልኩ በሆዴ ለመንኩት። አላለም። ማህበሩን ፈርቶ ነው ብዬ ናቅሁት። አዎ፣ እኔ ነኝ አባቴን የናቅሁት።

ከዚያ በኋላ ቢጫዋን ተዋት። የሚሰፋው ቱታ ያለ ምንም ምልክት መውጣት ጀመረ። የሱ ቱታ ቢጫ እንደሌለበት ወሬው በአግዳሚው በኩል ቀስ በቀስ አቃቂን አዳረሰ። ገበያ ላይ ሰው ቱታ ሲያነሳ ኪሱን ይገለብጣል፤ ቢጫ ካየ መልሶ ያስቀምጣል። ያ ሁሉ ጭብጨባ ያመጣልን ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን ከበላይ አካል ጎብኚዎች ሊመጡ ነው ተባለ። እሁድ ጠዋት፣ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ሰዓት፣ ሊቀመንበሩ አዲስ ካኪ ጨርቅ ብብቱ ሥር ይዞ እቤታችን መጣ። እኔ ጥግ ይዤ ልብስ እተኩሳለሁ። ጓድ ማለቱን ረስቶታል።

"አባባ፣ ለጉብኝቱ የምለብሳትን ሱሪ በእጅዎ ይስፉልኝ" አለ። "ቢጫ ክር የሌለበት ይሁንልኝ።"

አባዬ ከስፌት መኪናው ላይ ቀና አላለም።

"ምልክቱን የሰጠቻችሁ እሷ ናት" አለው። "እሷ ትስፋልህ።"

ካውያው እጄ ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ እኔን አየኝ፣ ካኪውን አየ፣ ካኪውን መልሶ ብብቱ ሥር ከተተ። ሌላ ቀን ብቅ እላለሁ ብሎ ወጣ። የጥራት ተቆጣጣሪ ብሎ የሾመኝ ሰው ለአንድ ሱሪ እንኳ አላመነኝም።

እሱስ ገደል ይግባ። አባዬ የባቡር ሠራተኛው በሰደበው ዕለት የኔ አይደለም ቢል ኖሮ፣ ታዲያ ምልክትህን ማን ሰጣቸው መባሉ አይቀርም ነበር። ፈሪ ብዬ የናቅሁት ሰው ያን ሁሉ ወር የራሱን ስም ጥሎ የኔን ጥፋት ሲሸፍን ነው የከረመው።