መዋዕለ ንዋይና የጓሯችን ባሕር ዛፍ

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው፤ እኔ ላሊበላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ሁለታችንም ቃል እየሰነጠቅን ነው የምንኖረው፤ ልዩነታችን እሳቸው ቃሉን ማወቃቸው ነው።

የገና በዓል ባለፈ ሰሞን ዓይኔ ጓሯችን ከተደረደረው ባሕር ዛፍ ላይ አልነሣ አለ። ለበዓሉ የመጣው ተሳላሚ ማደሪያ አጥቶ በየሜዳው ሲያድር አይቼ፣ ዛፉን ቆርጬ ሁለት የሚከራይ ክፍል ልሠራ ቋምጫለሁ። ዛፉ ግን የአባቴ ነው፤ ያለ እሳቸው ቃል ቅጠሉም አይነካም። ኢንቨስትመንት ብላቸው ደግሞ የፈረንጅ ቃል ሲሰሙ ጆሯቸው እንደሚደፈን አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለሰኞ ትምህርት ግራፍ ስሠራ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። እንደ አሸተን ተራራ መንገድ ሽቅብ ወጥቶ ቁልቁል የሚወርደው መስመር ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አገር በዓመት ካመረተችው ውስጥ ሳይበላ ለነገ ሥራ የሚውለው ስንት እጁ እንደሆነ፣ ድርሻውም ከዓመት ዓመት እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል የሚያሳይ ነው አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ዘር ነዋ፣ አሉ። ከአውድማው ገብስ ላይ ለዘር የሚቀመጥ አለ፤ በክፉ ዓመት ግን እሱም ይበላል። እኔ ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚፈጅብኝን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

አጋጣሚውን አላሳለፍኩም። "እንግዲያ ያ ባሕር ዛፍ ዝም ብሎ ከሚቆም ለመዋዕለ ንዋይ ይዋል፣ አባ" አልኳቸው። ቃሉን የመረጥኩት ግዕዝ ስለሆነ እንዲጥማቸው ነው። ጣማቸው። ደጋግመው አጣጣሙት፣ ይሁን ብለውም መረቁኝ። በብልጠቴ ቀኑን ሙሉ ስደሰት ዋልኩ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ተነሡና፣ ልጃቸው ባሕር ዛፉን ለንዋየ ቅድሳት ማሰቧን፣ የሚያፈሰው የደብሩ ዕቃ ቤትም በእሱ እንደሚታደስ ተናገሩ። ለካ ለእሳቸው ንዋይ ማለት ጽናው፣ ከበሮው፣ ጃንጥላው ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። ቄሱ መስቀል አሳለሙኝ፤ አንዲት አሮጊት ግንባሬን ሳሙኝ። በዚህ መሀል ተነሥቶ "መዋዕለ ንዋይ ማለት እኮ" ብሎ የሚጀምር ሰው ካለ ላስታ አላደገም። አሜን አልኩ።

ዛፉ በሳምንቱ ተቆረጠ። ተናድጄ አባቴን ለቀናት ከሰላምታ በቀር አላነጋገርኳቸውም። ክፍል ውስጥም ቃሉን ትቼ ኢንቨስትመንት ማለት ጀመርኩ፤ እሱ ቢያንስ እንጨቴን አይቆርጥብኝም።

የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ አባቴ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። ከየጉቶው ሦስት አራት ቀንበጥ ወጥቷል። ቆራጮቹ ጉቶውን እንዳይነቅሉት አጥብቀው ያዘዙት እሳቸው እንደነበሩ ያን ጊዜ ነገሩኝ።

"ያንቺን መዋዕለ ንዋይ የማላውቀው መሰለሽ?" አሉ። "ሬዲዮ እሰማለሁ እኮ።"

ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው። እያወቁ ለምን እንዲህ እንዳደረጉ ስጠይቃቸው በከዘራቸው አንዱን ጉቶ ነካ አደረጉት።

"ያ የኔ ድርሻ ነበር፤ የሄድኩ ዕለት ፈጣሪ ፊት ይዤው የምቀርበው። ይሄ ያንቺ ነው። ለጣሪያ ሲደርስ ማንንም አትጠይቂ፣ ቁረጪ።"

ባሕር ዛፍ ከጉቶ ተነሥቶ ለጣሪያ እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሁለታችንም እናውቃለን። የእሳቸውንም ዕድሜ እናውቃለን። በንዴቴ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ ያንኑ መስመር ስስል፣ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ቀንበጡና የአባቴ ዕድሜ ታወሱኝና እጄ ቆመ። ተማሪዎቹ ጠመኔ ያለቀብኝ መሰላቸው።