ጀርባዋን ያጎበጠችው ነርስ

እስቲ ያቺን ሴትዮ ተመልከቷት። የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ትራስ አቅፋ፣ አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ፣ ጀርባዋን እንደ ድመት አጉብጣለች። አላበደችም። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ምጥ ለያዛት ሴት የማደንዘዣ መርፌ ሲወጋ እንዴት እንደሚቀመጡ እያሳየች ነው። ባልደረቦቿ «ወሬኛዋ» ይሏታል። ወሬዋ ምን መሰላችሁ? ለወላድ ማስረዳት! ለዚህ «ጥፋት» ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ተገሥጻለች፤ ሦስተኛው ከማዋለጃ ክፍል ያስነሳታል።

በዚያ ሆስፒታል ልማዱ ይኸው ነው፦ ቀዶ ጥገና ሲታዘዝ የፈቃድ ወረቀቱ ኮሪደር ላይ ለቆመው ባል ይሰጣል። እሱ ይፈርማል። ሆዷ የሚከፈተው ሴት ግን ነገሩን የምታውቀው መርፌው ጀርባዋ ላይ ሲደርስ ነው። በገዛ ገላዋ ባይተዋር!

ይቺኛዋ ወላድም መርፌውን ስታይ ከአልጋው ልትወርድ ታገለች።

«ያዟት!» አለ ማደንዘዣ ሰጪው። «ባሏ ፈርሟል እኮ!»

«እንግዲያው ባሏን ውጋ!» አለችው ወሬኛዋ፤ ትራሱን ይዛ ወላዷ ፊት ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሽባ ያደርጋል ይላሉ። እግሬን ካጣሁ ልጄን ማን ያዝልልኛል?»

«ስሚኝ የኔ እናት። እግርሽ ይደነዝዛል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይመለሳል። የምትይው ጉዳት አይደርስም አልልሽም፤ ግን የሚደርሰው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ነቅተሽ ነው የምትወልጂው። ሲጫኑሽ፣ ሲጎትቱሽ ይታወቅሻል፤ ስለቱ ግን አያምሽም። ካመመሽ ጮኸሽ ተናገሪ። አሁን እንደኔ ጉበጪ፤ እንዳትንቀሳቀሺ።»

«ይህን ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ጠፋ?»

ይህን ብላ ጎበጠች፤ ንቅንቅ አላለችም። የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በገዛ ጆሮዋ ሰማች።

ከሰዓት በኋላ ሦስተኛው ደብዳቤ መጣ፦ «ሰባት ደቂቃ በማባከን...» ሰባት ደቂቃ! ዘጠኝ ወር ለተሸከመች ሴት ሰባት ደቂቃ በዛባት? አለቃዋ ፊት ቆማ፣ «ፈርተው ሲታገሉ የሚባክነውንስ ማን ቆጠረው?» አለች። ሰሚ የለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስታዋልድ የኖረች ሴት ዛሬ ካርድ ክፍል ዶሴ ትደረድራለች። ማዋለጃው ጸጥ ብሏል፤ ወሬኛ የለበትማ።

እንግዲህ አንተ ወንድሜ፣ ያን ወረቀት ሲሰጡህ እስክሪብቶውን አስቀምጥ። «መጀመሪያ ለሷ ንገሯት» በል። ነግረዋት፣ ገብቷት፣ እሺ እስክትል ድረስ ከበሩ ንቅንቅ እንዳትል።