በምስክር ብዛት የተረታው ወንበር

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ነገር ወንበር ቫርኒሽ መቀባት ነበር። እሱ መደገፊያውን ያዘ፤ እኔ እግሮቹን።

«አንጠባጠብሽው» አለኝ።

«ከላይ የምታፈሰው አንተ፣ የምሰደበው እኔ!»

ሳቀና እጁን በሱሪው ጠረገ። ያን ሱሪ ያጠብኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። ቫርኒሹ አለቀቀም።

አናጢ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ መደገፊያው እንደ ፍየል ቀንድ የተጠማዘዘ የዋንዛ ወንበር አወጣ። ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ታይቶ አያውቅም፤ ሰርግ የደገሰ ሁሉ ለሙሽራ መቀመጫ ይዋሰው ነበር። ዓመታት አልፈው አንድ የወልድያ አናጢ ያንኑ ቅርጽ እየሠራ መሸጥ ጀመረ። ባለቤቴ ምግብ አልበላ አለ። አዲስ ቅርጽ ላወጣ ሰው መንግሥት መብቱን የሚያስከብር ወረቀት ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ወደ ዞኑ ቢሮ ሮጠ።

ወጣቱ ባለሙያ «መቼ እንደተሠራና መቼ ለሰው እንደታየ የሚያስረዳ ነገር ይዘው ይምጡ» አለው። ባለቤቴ ነገሩን እንደ ድንበር ክርክር ቆጠረው፤ ሽማግሌ ያበዛ ይረታል። ሦስት ሰዎች ሰበሰበ። እኔም ተከተልኩ።

ጎረቤታችን ቀደሙ። «ልጄን የዳርኳት እዚህ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው።»

«ዘንድሮ ነው፣ አባቴ?» አለ ባለሙያው በተስፋ።

«ምን ዘንድሮ! ልጇ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነው!»

የሰፈራችን ባለሱቅ ቀጠሉ። «ወላሂ፣ እኔ ከዚያም በፊት አውቀዋለሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር ሱቄ ደጃፍ አቆመው ነበር። ከጋዝጊብላ የመጣ ሁሉ ሳያየው አያልፍም።»

የእድራችን ዳኛ መበለጥ አልፈለጉም። «እኔ ገና ሳይላግ ተቀምጬበታለሁ። ስንጥሩ ወግቶኛል!» የተወጉበትን ሊያሳዩ ብድግ ሲሉ ባለሙያው በሁለት እጁ ለመናቸው።

ባለቤቴ እንደ ረታ ሰው ፈገግ ብሎ ተቀምጧል።

ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባቴ፣ የእርስዎ መሆኑን አልካድኩም። ግን ሕጉ የሚጠብቀው አዲስ ቅርጽ ነው። ከማመልከቻው በፊት ከዓመት በላይ ሕዝብ ካየው፣ አዲስ አይባልም። ያኔውኑ መምጣት ነበረብዎት።»

ባለቤቴ ትንሽ አሰበና «ምስክር ልጨምር?» አለ።

ስንወጣ ሽማግሌዎቹ ሥራቸውን በሚገባ እንደ ፈጸሙ ሰው ተዝናንተው ነበር። ጠላ፣ ለባለሱቁም ቡና መጋበዝ ግድ ሆነ። ለብቻችን ስንቀር «የወልድያው ሰውዬ እንኳ እንዲህ ያሉ ምስክሮች አያገኝም» አለኝ። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ተቆጥቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ኋላ ግን ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀ ነበር፤ እንዳላለቀሰ ግን አልምልም። ወንበሩን ከዚያ በኋላ ማንም እንደፈለገ ሠራው።

አሁን የእሱን የእንጨት ሥራ ቤት ከሠራተኞቹ ጋር እኔ እመራለሁ። አዲስ ቅርጽ ስናወጣ በጋቢ ሸፍኜ ጓዳ አስገባዋለሁ፤ ማመልከቻውን ካስገባሁ በኋላ ደጅ አወጣዋለሁ።