ያጠፋሁት ስልክ

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ አንድ ወዳጄ ደወለልኝ። "የሰለሞን አባት አዲስ አበባ አርፈዋል። ልጁ ገና አልሰማም፤ ነገ በማለዳ ልናረዳው ነውና አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ድረስ" አለኝ። አልመጣም አልኩት። እኔ ለቅሶ እደርሳለሁ፣ ቀብር እሄዳለሁ፣ ወንበር እሸከማለሁ፤ መርዶ ግን አልሄድም። ሰዉ "ኮርቷል" ይለኛል። ይበለኝ። ምክንያቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ጸጉሬም መሸበት ጀምሯል፣ እስቲ ዛሬ ልናገረው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከሰዓት ዊልሻየር ላይ ፓርኪንግ እሠራለሁ፤ ጠዋት ጠዋት የእናቴን ታናሽ እህት፣ እትዬ አስካለን፣ ፌርፋክስ ያለው ሱቋ ውስጥ አግዛለሁ። በርበሬ፣ ሽሮና ነጠላ ትሸጣለች። አንድ ልጇ ዮናስ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ያደገ ነው፤ ሃይስኩል እንደጨረሰ ወታደር ሆኖ አፍጋኒስታን ዘመተ።

ሲደውል ለእናቱ "ደህና ነኝ፣ እየበላሁ ነው" ይላታል። ለእኔ የሚለው ሌላ ነበር።

"ስማ፣ ጠላታችን የቱ እንደሆነ አናውቅም" አለኝ አንድ ቀን። "ዩኒፎርም የለው፣ ምን የለው። ጠዋት ሻይ ያጠጣኝ ሰውዬ ማታ መንገድ ላይ ቦምብ ይቅበር አይቅበር በምን አውቃለሁ? ሶ፣ ሰላም የሚለኝን ሁሉ እጅ እጁን ነው የማየው። ሽማግሌዎቹን ፍሬንድ አድርጉ ይሉናል፣ ኦኬ፤ ከዚያ ደግሞ ቤታቸውን ፈትሹ ይሉናል። ሴቶቹ ጥግ ይዘው ሲያለቅሱ እማ ትመጣብኛለች።"

ይህን ለጋሼ ደምሴ ነገርኳቸው። ጋሼ ደምሴ በደርግ ጊዜ ሰሜን የዘመቱ አሮጌ ወታደር ናቸው፤ የሱቁ በር ላይ ያለችው ወንበር የእሳቸው ናት። ራሳቸውን ነቀነቁ። "አውቀዋለሁ ይሄን ጦርነት። ተኩሶብህ ሲያበቃ ገበሬ ሆኖ ደህና ዋልክ ይልሃል። ከዚህ ዓይነቱ የሚተርፍ ጥቂት ነው" አሉ።

ነገሩ የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። ጥቅምት ነበር፤ ከበረሃ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ከተማውን ሲለበልብ ሰንብቷል፣ ሱቁ በአዲስ በርበሬ ሽታ ያስነጥሳል። እትዬ ጓዳ ሆና ለዮናስ የምትልከውን ዳቦ ቆሎ ካርቶን ውስጥ ትሞላለች። ባንኮኒው ላይ ያለው ሞባይሏ ጮኸ፤ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት እንደ ወትሮው እኔ አነሳሁት።

"ከጦሩ ነው የምደውለው" አለ አንድ ሰው በእንግሊዝኛ። "ወይዘሮ አስካለን ነው የምፈልገው። ስለ ልጃቸው ነው። ለእሳቸው ካልሆነ መናገር አልችልም፤ አስቸኳይ ነው።"

ክው አልኩ። ጓዳ ስታንጎራጉር እየሰማኋት "የለችም" አልኩት። ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ትደውል ብሎ ቁጥር ሰጠኝ፤ መዳፌ ላይ ጻፍኩት።

ውጪ ወጥቼ ለጋሼ ደምሴ በጆሯቸው ነገርኳቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። "አለቀ" አሉ። "ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እኛ ስንቆስል ለእናቶቻችን ማን ደወለ?" ደግሞም፣ "ታዲያ ሱቅ መሀል፣ ብቻዋን፣ በፈረንጅ አፍ ልትሰማው ነው? ነውር ነው። የዛሬን ትዋል። ነገ በማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራታል። አንተ ስልኩን አርቅላት" አሉኝ።

አራቅኩላት። "እትዬ፣ ስልክሽ ቻርጅ አላደርግ ብሏል፤ ላሠራልሽ" ብዬ ወሰድኩና አጠፋሁት። "ተባረክ" አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፣ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ የኩራት ስሜትም ነበረኝ። ትላልቅ ሰዎች በእኔ ቃል ሲነሱና ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለዘመድ ሁሉ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሎንግ ቢች ድረስ ድራይቭ አድርጌ የዮናስን የክርስትና አባት ያመጣሁትም እኔ ነኝ። መዳፌ ላይ ወዳለው ቁጥር ልደውልና ልጠይቅ የሚል ሐሳብ ግን አንዴም አልመጣልኝም።

አርብ ማለዳ ሃያ ያህል ሰዎች ሆነን ሚድ ዊልሻየር ያለው አፓርታማዋ በር ላይ ቆምን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እትዬ በሩን ከፍታ ፊታችንን አየች። ማንም ቃል ሳይተነፍስ "ልጄን!" ብላ ወለሉ ላይ ወደቀች። ደረቷን ስትደቃ ጎረቤት ሁሉ በሩን ከፈተ። ከእንግዲህ የምደብቀው የለም ብዬ ስልኩን አበራሁት፤ ወዲያው ጮኸ።

ከጦሩ የደወለችው ሴት ተቆጥታለች። "ከትናንት ጀምሮ ስንፈልጋት ነበር! ልጇ በተቀበረ ቦምብ ክፉኛ ቆስሎ ጀርመን አገር ሆስፒታል ገብቷል። ትናንት ማታ እንድትበር ቦታ ይዘንላት ነበር።"

"አለ! በሕይወት አለ!" ብዬ ጮህኩ። ለቅሶው እልልታ ሆነ። እትዬ ጉልበቴን አቅፋ ሳመችኝ። ጋሼ ደምሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት በረርኩ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ዮናስ ዓይኑን ጨፍኖ በቱቦ ይተነፍሳል። ነርሷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ "ምነው ዘገያችሁ? ትናንት ቀኑን ሙሉ ነቅቶ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር እናቴ መጣች ወይ ይል ነበር። ራሱን የሳተው ማምሻውን ነው" አለችኝ።

እትዬ እጄን ጨብጣ "ምን አለች? ንገረኝ እንጂ!" አለችኝ።

"ከመጣ ጀምሮ አልነቃም፣ ስቃዩም አይሰማውም ነው የምትለው" አልኳት።

እሁድ ሞተ። እጁ እጇ ውስጥ ነበር፤ ዓይኑን ግን አልገለጠላትም።

የስልኩን ነገር እትዬ ሰምታለች። ጋሼ ደምሴ እስኪሞቱ ድረስ "ያዘዝኩት እኔ ነኝ" እያሉ ጥፋቱን ብቻቸውን ተሸከሙልኝ፤ እሷም "ለእኔ አዝነው ነው" ብላ ይቅር አለች። ነርሷ ያለችውን ግን አልሰማችም። ለእሷ ብዬ ነው የደበቅኩት እንዳልል አፍራለሁ። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ታየኛለች ብዬ ፈርቼ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ። በቀደም መኪና ውስጥ "እንኳን አልነቃ" አለችኝ። "ነቅቶ ጠርቶኝ ቢሆን ኖሮ አልችለውም ነበር። በዚህ ነው የምጽናናው። አንተ ባትኖር የዚያችን ነርስ ቃል ማን ይነግረኝ ነበር?"

"አዎ እትዬ" አልኳት፣ መንገዱን እያየሁ። ዓይኗ ደክሞ ማንበብ ከተወች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩትም ያንን ተማምኜ ነው።